ስለ ቻይና ውስጣዊ የፍልሚያ ጥበቦችና ስለ «ነጥብ መምታት» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች ታይ ቺ ወይም ኩንግ ፉ ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች፣ ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ የሚመጡ ወላጆች፣ እንዲሁም ማታ ዩቲዩብ ላይ ሲያዩ ያመሹትን ነገር ጠዋት ልምምድ ላይ የሚጠይቁ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። «ነጥብ መምታት» የሚባለው በሰውነት ላይ የተወሰኑ ነጥቦችን እየመረጡ የመምታት ዘዴ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ውስጣዊ» የሚባለው ምኑ ነው?

ቻይናውያን የፍልሚያ ጥበቦቻቸውን በልማድ «ነይጂያ» እና «ዋይጂያ» ብለው ለሁለት ይከፍሏቸዋል። ቃላቱ «የውስጥ ቤት» እና «የውጭ ቤት» እንደማለት ሲሆኑ፣ «ቤት» የሚለው እኛ የቅኔ ቤት፣ የዜማ ቤት ስንል እንደምናስበው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚወርድ የትምህርት መስመርን ያመለክታል። በውጭ ቤት የሚመደቡት፣ የሻኦሊንን ስልት የመሳሰሉት፣ ሥልጠናቸውን ከጡንቻ ጉልበት፣ ከፍጥነትና ሰውነትን ከማጠንከር ይጀምራሉ፤ በውስጥ ቤት የሚመደቡት ግን ተማሪው አስቀድሞ አላስፈላጊ መወጠርን እንዲተው፣ አቋቋሙን እንዲያስተካክል፣ ኃይሉንም ከክንዱ ሳይሆን ከእግሩ አስነስቶ በወገቡ በኩል ወደ እጁ እንዲያደርስ ያስተምራሉ።

ነገሩን መንገድ ላይ የቆመ ሚኒባስ ሲገፋ ማየት ይቻላል። ልምድ የሌለው ተሳፋሪ ክርኑን አጥፎ በትከሻው ሲታገል የግንባሩ ሥር ይገተራል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም፤ ረዳቱ ግን ክንዱን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ከተረከዙ ጋር አንድ መስመር አስይዞ፣ ክብደቱን ወደፊት ጣል ሲያደርግ ጎማው መዞር ይጀምራል። ውስጣዊ ስልቶች ይህችን አንዲት ነገር ይዘው፣ ያውም አምልጦ በሚንቀሳቀስ ሰው ላይ እንድትሠራ ለማድረግ፣ ዓመታት ይፈጃሉ ማለት ብዙም ማጋነን አይሆንም። ክፍፍሉ ራሱ ግን እንደ አጥር የጠበቀ አይደለም፤ ጥሩ የሻኦሊን ሠልጣኝም እየበሰለ ሲሄድ ይለሰልሳል፣ ጥሩ የታይ ቺ ሠልጣኝም መምታት ሲኖርበት እጁ ይከብዳል።

በዚህ ስም የሚጠሩት ስልቶች የትኞቹ ናቸው?

በተለምዶ ሦስት ይቆጠራሉ፤ ታይጂጩዋን (እኛ ታይ ቺ የምንለው)፣ ሺንግዪጩዋን እና ባጓዣንግ።

የታይ ቺ ታሪክ በሰነድ ሊደረስበት የሚችለው በኸናን ክፍለ ሀገር፣ በወን አውራጃ ወደምትገኘው የቸን ቤተሰብ መንደር ወደ ቸንጂያጎው ሲኬድ ነው፤ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የጦር ሰው ቸን ዋንግቲንግ የመስመሩ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ስልቱን ከቤተሰቡ ውጭ ያወጣው በመንደሩ የተማረው ያንግ ሉቻን (1799–1872) ሲሆን፣ በኋላ ቤጂንግ ሄዶ ለቺንግ መንግሥት መኳንንት አስተምሯል። ከዚያ ወዲህ የቸን፣ የያንግ፣ የዉ፣ የዉ ሃኦ እና የሱን ተብለው የሚታወቁ አምስት የቤተሰብ ስልቶች ተፈጥረዋል። ማለዳ በቻይና መናፈሻዎች አዛውንት ሲያደርጉት የሚታየው ዝግ ያለ እንቅስቃሴ በአብዛኛው በ1956 የቻይና ስፖርት ኮሚሽን ከያንግ ስልት አሳጥሮ ያዘጋጀው ባለ 24 ቅርጽ ነው።

ሺንግዪጩዋን ከሻንሺና ከኸበይ ክፍላተ ሀገር የወጣ፣ አጭር፣ ቀጥተኛና ወደፊት ብቻ የሚገሰግስ ስልት ነው። ጦር አያያዝን መሠረት ያደረገ መሆኑ ከመምህራኑ አፍ አይጠፋም፤ አምስቱ መሠረታዊ ምቶቹም ከአምስቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከብረት፣ ከውሃ፣ ከእንጨት፣ ከእሳትና ከአፈር ጋር ይያያዛሉ። ባጓዣንግ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ይመስላል፤ ሠልጣኙ በክብ ላይ እየተራመደ፣ ወገቡን እየጠመዘዘ፣ ከተቃራኒው ጎንና ጀርባ ለመድረስ ይሠራል። በ1882 ያረፈው ዶንግ ሃይችዋን በቤጂንግ በአንድ ልዑል ግቢ ሲያገለግል ያስተማረው ሲሆን፣ ከታወቁት ተማሪዎቹ አንዱ ቼንግ ቲንግኋ መነጽር ነጋዴ ስለነበር ዛሬም ድረስ «ባለ መነጽሩ ቼንግ» እየተባለ ይጠራል። ዶንግ ለተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አላስተማረም ይባላል፤ ቼንግ አስቀድሞ የቻይና ትግል ያውቅ ስለነበር የእሱ መስመር እስካሁን መጣልና መጠምዘዝ ይበዛበታል።

ሦስቱን እንደ አንድ ቤተሰብ ማየት ግን ሲነገር እንደሚመስለው ጥንታዊ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቤጂንግ የነበሩ ጥቂት መምህራን፣ ቼንግም ጭምር፣ ተማሪዎቻቸውን እየተለዋወጡ ማስተማር ጀመሩ፤ ከዚያም ሦስቱንም የተማረው ሱን ሉታንግ (1860–1933) ከ1915 ጀምሮ በተከታታይ ባሳተማቸው መጻሕፍት ሐሳቡ ሥር ሰደደ።

ስያሜው ከየት መጣ? ነጥብ መምታትስ ከእሱ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ጣዕም ያለው እሱ ነው። «የውስጥ ቤት» የሚለው አነጋገር መጀመሪያ የተገኘው በ1669 ምሁሩ ኋንግ ዞንግሺ ለወዳጁ ለዋንግ ዠንግናን በጻፈው የመቃብር ጽሑፍ ላይ ነው። ኋንግም ሟቹም የወደቀው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ወገኖች ነበሩ፤ ከሰሜን የመጡት ማንቹዎች አገሪቱን ከያዙ ገና ሩብ ምዕተ ዓመት ነበር። ኋንግ በጽሑፉ ላይ የሻኦሊንን ስልት፣ ማለትም ከሕንድ የመጣውን የቡድሃ ሃይማኖት የሚከተለውን ገዳም ስልት፣ «የውጭ» ብሎ፣ በአገር በቀሉ የዳኦ ሃይማኖት ከታወቀው ከዉዳንግ ተራራ ጋር የሚያያዘውን ደግሞ «የውስጥ» ብሎ ሁለተኛው አንደኛውን እንደሚያሸንፍ ይገልጻል። በርካታ ተመራማሪዎች ይህን ሲያነቡ ስለ ጡጫ ብቻ የተጻፈ አይመስላቸውም። በሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ሰሙ የፍልሚያ ስልት ነው፣ ወርቁ ግን ከውጭ የመጣውን ገዢ ከውስጥ ያለው እንደሚረታው የሚናገር ይመስላል።

ነጥብ መምታትም የተነሳው በዚሁ የመቃብር ጽሑፍ ላይ ነው። ዋንግ ሰው ሲመታ የሞት ነጥብ፣ ራስን የሚያስት ነጥብና አንደበትን የሚዘጋ ነጥብ ለይቶ እንደሚመታ ኋንግ ጽፏል። አንድ ባለጌ ጎረምሳ ሰድቦት በዋንግ እጅ ከተመታ በኋላ ለቀናት ሽንት እምቢ አለው፤ ደጃፉ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ሲጠይቅ ብቻ ተሻለው። አንድ እረኛ ደግሞ ዘዴውን በስርቆት አይቶ ጓደኛውን ቢመታው ልጁ ወዲያው እንደ ሞተ ሆኖ ተዘረረ፤ ዋንግ ቀርቦ አየውና «ይህ ራስን የሚያስተው ነጥብ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ይነቃል» አለ፣ እንዳለውም ሆነ። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በየፊልሙ የምናየው ነገር ፍሬው ያለው በእነዚህ ጥቂት መስመሮች ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ወዳጅ የተጻፈ የመቃብር ጽሑፍ ውዳሴ እንጂ የሕክምና መዝገብ አለመሆኑን፣ በተጨማሪም ዛሬ ውስጣዊ የምንላቸው ሦስቱ ስልቶች አንዳቸውም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አለመጠቀሳቸውን ማስታወስ ይገባል።

ታይ ቺን የፈጠረው መነኩሴው ዣንግ ሳንፌንግ ነው የሚባለውስ?

ዣንግ ሳንፌንግ ወፍና እባብ ሲጣሉ አይቶ ስልቱን ፈጠረ የሚለው ትረካ ውብ ነው፤ ታሪካዊ ማስረጃ ግን የለውም። የታሪክ አጥኚው ታንግ ሃኦ በ1930ዎቹ ቸንጂያጎው ድረስ ሄዶ ከመረመረ ወዲህ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት የቸን ቤተሰብን መነሻነት ነው። የዉዳንግ መምህራን ይህን አይወዱትም።

«ቺ» ምንድን ነው?

ቃሉ በቻይንኛ አየርን፣ ትንፋሽን፣ እንፋሎትን፣ ከዚያም አልፎ ሕይወት ያለውን የሚያንቀሳቅሰውን ነገር ሁሉ ያመለክታል፤ በጥንታዊው አጻጻፍ ምልክቱ ከሩዝ በላይ የሚወጣ እንፋሎት ነው፤ ልክ ከጀበና አፍ እንደሚወጣው ያለ ነገር ማለት ነው። በመሣሪያ የተለካ «ቺ» የሚባል ኃይል የለም። ቃሉ ግን በልምምድ ቦታ ባዶ አይደለም። መምህሩ «ቺህን ወደ ዳንቲየን አውርድ» ሲል፣ ዳንቲየን ከእምብርት ዝቅ ብሎ ያለው የሆድ ክፍል በመሆኑ፣ በተግባር የሚፈልገው ተማሪው ትከሻውን እንዲጥል፣ ትንፋሹን ከደረቱ ወደ ሆዱ እንዲያወርድና ክብደቱ እግሩ ላይ እንዲያርፍ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ማለት መቻል ለማስተማር ይመቻል፤ ችግሩ የሚጀምረው ቃሉ ከመመሪያነት ወጥቶ ለማይታይ መሣሪያ ስም ሲሆን ነው።

ነጥብ መምታት ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

በማንዳሪን «ዲያንሹየ» ይባላል፤ በካንቶንኛ «ዲም ማክ» የሚለው ስያሜ ደግሞ በፊልምና በመጽሔት በኩል ዓለም ያወቀው ነው። መሠረቱ አኩፓንክቸር፣ ማለትም የሰውነትን ነጥቦች በመርፌ እየነኩ ማከም ነው። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ቺ በአሥራ ሁለት ዋና ዋና መስመሮችና አንዱ በአካል ፊት፣ ሌላው በጀርባ መሐል ለመሐል በሚያልፉ ሁለት መስመሮች እንደሚዘዋወር ይታመናል፤ በመስመሮቹ ላይ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት በመደበኛነት የመዘገባቸው 361 ነጥቦች አሉ። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ1027 ገደማ፣ ሐኪሙ ዋንግ ወይዪ ነጥቦቹ የተቀረጹባቸው ሁለት የነሐስ ምስሎች አሠርቶ ነበር፤ ኋንግ ዞንግሺ በመቃብር ጽሑፉ «እንደ ነሐሱ ሰው ሥዕል» ሲል የሚያመለክተው ይህን ትምህርት ነው። የፍልሚያው ሐሳብ ቀላል ነው፤ በመርፌ ሲነካ የሚያድን ነጥብ በጡጫ ሲመታ ይጎዳል። አንዳንድ ድርሳናት ከዚህም አልፈው ቺ በየሰዓቱ ከአካል ክፍል ወደ አካል ክፍል ስለሚዘዋወር ነጥቡ የሚመታው በተወሰነለት ሰዓት ነው ይላሉ፤ ከፉጂያን ወደ ኦኪናዋ ተሻግረው በካራቴ መምህራን እጅ የተገለበጡት ጽሑፎችም ይህን የሰዓት ሠንጠረዥ ይዘዋል።

ሕክምናና ፍልሚያ በአንድ ሰው እጅ መገናኘታቸው ሊያስገርም አይገባም። በቻይና ብዙ የፍልሚያ መምህራን ኑሯቸውን የሚገፉት በወጌሻነት ነበር፤ ጠዋት የተወለቀ ትከሻ የሚመልስ ሰው ከሰዓት በኋላ ትከሻ እንዴት እንደሚወልቅ ቢያስተምር እውቀቱ አንድ ነው። በሁለት ጣት ተነክቶ እንደ ሐውልት ደርቆ የሚቀር ሰው ግን ከወጌሻው ቤት አልወጣም፤ እሱ የልብ ወለድና የፊልም ልጅ ነው፣ በየቪዲዮ ቤቱ ቁጭ ብለን ያጨበጨብንለትም እሱው ነው።

በአንድ ንክኪ፣ ወይም ከቀናት በኋላ በሚሠራ ምት ሰውን መግደል ይቻላል?

በምስጢራዊ ነጥብ አይቻልም። ነገር ግን ትረካው ከምን እንደበቀለ ሕክምና በደንብ ያስረዳል፤ ይህንም ማወቅ ለሠልጣኝ ደኅንነት ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ደረት ላይ ልክ ልብ ባለበት ቦታ የሚያርፍ ከባድ ያልሆነ ምት ልብን ሊያቆም ይችላል። ይህ የሚሆነው ምቱ ልብ ለሚቀጥለው ትርታ በምትዘጋጅበት፣ ከሰከንድ መቶኛ ጥቂት እጅ ብቻ በሚቆይ ቅጽበት ላይ ካረፈ ነው፤ በብዛት የታየው ኳስ ደረታቸውን በመታቸው ወጣት የቤዝቦል ተጫዋቾች ላይ ነው። ቅጽበቱን አልሞ መምታት የሚችል ሰው ግን የለም። ሁለተኛ፣ አንገት ላይ ትርታ በሚዳሰስበት ቦታ የደም ግፊትን የሚቆጣጠሩ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ እዚያ የሚያርፍ ምት ወይም ጫና ግፊቱን በድንገት ጥሎ ራስን ሊያስት ይችላል፣ የደም ሥራቸው የጠበበ ሰዎችን ደግሞ ለአንጎል ጉዳት ሊዳርግ ይችላል። በአኩፓንክቸር «ረንዪንግ» የሚባለው ነጥብ ከዚህ ቦታ ጋር መገጣጠሙ የጥንቶቹ ሰዎች ያዩትን እንጂ ያለሙትን ብቻ እንዳልጻፉ ያሳያል።

የዘገየው ሞት ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ተነስቶ፣ አውርቶ፣ ቤቱ ሄዶ፣ ከሰዓታት በኋላ በራስ ቅሉ ውስጥ በተጠራቀመ ደም ሊሞት ይችላል። ጣፊያም እንዲሁ ነው፤ ተሰንጥቆ ለቀናት ሳይታወቅ ቆይቶ በድንገት ደም ሊያፈስ ይችላል፣ በተለይ ወባ ደጋግሞ ያሳበጠው ጣፊያ በቀላል ምት ይፈነዳል። ወባ በነበረበት በደቡብ ቻይና ጎኑን በመዳፍ የተነካ ጎልማሳ ከሁለት ቀን በኋላ ሲሞት ጎረቤቱ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። በእኛም አገር ደኅና አምሽቶ በድንገት የወደቀ ሰው «መጋኛ መታው» ሲባል ኖሯል።

ታዲያ ነርቭና ነጥብ መምታት ጭራሽ አይሠራም ማለት ነው?

እንዲህ ማለት ደግሞ በሌላው ጠርዝ መሳሳት ነው። ክርኑ ጠርዝ ላይ ነካ ተደርጎ እስከ ትንሿ ጣቱ ያልነዘረው ሰው የለም። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲመታ እግር ለጊዜው ይከዳል፤ ልብ አፍ ላይ የሚያርፍ ምት ትንፋሽ ያሳጣል፤ ቦክሰኞች ቀኝ ጎን ሥር ጉበትን አልመው ሲመቱ ጠንካራ ሰው ሳይወድ በጉልበቱ ይንበረከካል፤ የመንጋጋ ጫፍ ላይ ያረፈ ጡጫ ጭንቅላትን በድንገት ስለሚያዞር ራስን ያስታል። እነዚህ ሁሉ «ነጥቦች» ናቸው፤ ልዩነቱ የቦክስ አሠልጣኙ ምስጢር ብሎ አለመጥራቱ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ነጥቡን ማወቅ አይደለም፣ ማግኘት ነው። ተቃራኒው ይንቀሳቀሳል፣ ጃኬት ለብሷል፣ ደሙ ፈልቷል፣ የሕመም ስሜቱ ደንዝዟል፤ በዚያ ላይ አንዱን ሰው የሚያስጮኸው ነጥብ ሌላውን ምንም አይለውም። ከዓመታት በፊት አንድ እንግዳ አሠልጣኝ በሚሰጠው የቅዳሜ ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ አብረውት የመጡትን ተማሪዎች አንድ በአንድ እያቆመ፣ የክንዳቸውን ውስጠኛ ክፍል መታ አድርጎ ከጆሯቸው ሥር በመዳፉ ጠርዝ ሲነካቸው እንደ ተቆረጠ ሸንበቆ ይወድቁ ነበር። ፈቃደኛ ሲጠይቅ ወጣሁ። ክንዴን መታኝ፣ አንገቴንም መታኝ፤ ጆሮዬ ጋለ፣ ዓይኔ ትንሽ እንባ አቀረረ፣ ግን ቆሜ ቀረሁ። ደግሞ ሞከረ፣ በሁለተኛውም አልወደቅሁም። በመጨረሻ «ዛሬ ሰውነትህ ተቆልፏል» አለኝና ወደ ቦታዬ መለሰኝ። ሰውዬው አውቆ አታሏል ብዬ አላምንም፤ ተማሪዎቹም እያስመሰሉ አይመስለኝም። መምህራቸው ሲነካቸው መውደቅን ለዓመታት ተለማምደውታል፣ ሰውነታቸውም ለምዶታል፤ እኔ ግን አልለመድኩትም።

ሳይነኩ ሰውን የሚጥሉትስ?

ከላይ ያለው ልማድ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲሄድ የሚታይ ነገር ነው። መምህሩን በማያውቅና መውደቅ በማይፈልግ ሰው ላይ ሠርቶ አያውቅም።

ውስጣዊ ስልቶች በእውነተኛ ግጥሚያ ተፈትነዋል?

ተፈትነዋል፤ ውጤቱም ደጋፊዎቻቸውን ብዙ ጊዜ አላስደሰተም። በጥር 1954 ማካው ላይ የዉ ስልት ታይ ቺ መሪ ዉ ጎንግዪ ከነጩ ሽመላ ስልት መምህር ከቻን ሃክፉ ጋር በብዙ ሺህ ተመልካች ፊት ተጋጠመ፤ ገቢው ለበጎ አድራጎት ነበር። ፊልሙ ዛሬም ይገኛል። ሁለት የተከበሩ መምህራን ክንዳቸውን እያወናጨፉ ይደባደባሉ፣ አፍንጫ ይደማል፣ ዳኞቹም በሁለተኛው ዙር አቁመውት አሸናፊ ሳይለይ ያበቃል፤ ነጥብ ፈልጎ የነካ የለም። በሚያዝያ 2017 ቼንግዱ ላይ የዘመናዊ ድብልቅ ፍልሚያ ተጋጣሚው ሹ ሺያኦዶንግ «ወይ ሌይ» የተባለውን የታይ ቺ መምህር ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አሸነፈው፤ ቻይና ውስጥ የተነሳው ቁጣ ግን በተሸናፊው ላይ ሳይሆን በአብዛኛው በአሸናፊው ላይ ነበር። በግንቦት 2020 ደግሞ የ69 ዓመቱ የታይ ቺ መምህር ማ ባኦጓ በ50 ዓመት አማተር ተጋጣሚ በሰላሳ ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወድቆ ሦስተኛው ላይ ሳይነሳ ቀረ።

ከእነዚህ ቪዲዮዎች ተነስቶ «ታይ ቺ ውሸት ነው» ማለት ግን እኔን አያሳምነኝም። የ69 ዓመት አዛውንት በየትኛውም ስልት ቢሠለጥን በጡጫ መውደቁ አይገርምም፤ ማንም ሳይመታው ዓመታት ያሳለፈ ሰውም ሲመታ መደናገጡ አይቀርም። ያንግ ሉቻንና ተማሪዎቹ የታወቁት ከሌሎች ጋር እየተጋጠሙ ስለነበር፣ ከጊዜ በኋላ የጠፋው ነጥቡ ወይም ምስጢሩ ሳይሆን ይህ ልማድ ይመስለኛል። ታይ ቺን ወይም ሺንግዪን ከቻይናው የቡጢ፣ የእርግጫና የመጣል ስፖርት ከሳንዳ ጋር አቀናጅተው የሚያሠለጥኑ ክለቦች ዛሬም ከሌሎች ጋር ተጋጥመው መዋጋት የሚችሉ ተማሪዎች ያወጣሉ።

«ቱዪሾ» የሚባለው ልምምድ ምን ጥቅም አለው?

ቱዪሾ ማለት «እጅ መግፋት» ነው፤ ከውስጣዊ ስልት ሥልጠና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አስቀር ብባል የማስቀረው እሱን ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ የእጅ አንጓቸውን አነካክተው፣ ሚዛን ለማሳጣት ይሞካከራሉ። ጀማሪ ሲገፋ የተቃራኒው ክንድ ከመጠንከር ይልቅ ወደ ኋላ ይሸሽበታል፤ ግፊቱ የሚያርፍበት ሲያጣ እሱ ራሱ ወደፊት ያጎነብሳል፤ ለመመለስ ሲሞክር ደግሞ ያቺው እጅ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ትንሽ ታክልለትና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተንደርድሮ ግድግዳ ይደርሳል። የተመለከተ ሰው ምንም አላየም፤ የተገፋው ግን ደረቱ ላይ ምት እንኳ አልተሰማውም፣ ወለሉ ከእግሩ ሥር የሸሸ ይመስለዋል። ይህ በቆዳ የሚገኝ ንባብ ነው፤ ቻይናውያን «ጉልበትን ማድመጥ» ይሉታል። ሚዛኑን ያጣ ሰው ላይ ልብ አፍንም ሆነ መንጋጋን ማግኘት ስለሚቀል፣ ነጥብ መምታት የሚባለው ነገር ትርጉም የሚኖረው ከዚህ በኋላ ነው። የነጥብ ሠንጠረዥ በቃሉ የያዘ ግን ቱዪሾ ያልሠራ ሰው ቁልፍ ይዞ በር የሌለው ነው።

ለጤና ይጠቅማል?

ይጠቅማል፤ ለሚዛን በተለይ። በ2012 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 195 የፓርኪንሰን ሕሙማንን በሦስት ቡድን ከፍሎ ለስድስት ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ ታይ ቺ፣ የክብደት ልምምድ ወይም የመሳሳብ እንቅስቃሴ አሠርቷቸዋል፤ የታይ ቺው ቡድን ሚዛን ከሁለቱም ቡድኖች የተሻለ ሆኗል፣ የመውደቅ ቁጥሩም ከመሳሳቡ ቡድን ያነሰ ነበር። ዩኔስኮ ታይ ቺን በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዝቅ ብሎ መቆምን ቸኩሎ መጀመር የለበትም።

አሠልጣኝ ስመርጥ ምን ልመልከት?

ማስተሩ ከማያውቀው ሰው ጋር እጅ ለመነካካት ፈቃደኛ መሆኑን ይመልከቱ፤ ሁልጊዜ የሚያሳየው በራሱ ተማሪዎች ላይ ብቻ ከሆነ ይጠንቀቁ። ተማሪዎቹ ሲሸነፉ ይስቃሉ ወይስ ይፈራሉ? ማስተሩስ ራሱ ሲገፋ መገፋቱን ያምናል? የሚያስከፍለውን ገንዘብ «ለምስጢራዊ ነጥቦች» በደረጃ ከፋፍሎ የሚሸጥ ከሆነ ገንዘብዎን ይያዙ። አንገትን፣ ማጅራትንና ደረትን እንደ ትርኢት የሚመታ አሠልጣኝ ዘንድ ልጅዎን አይላኩ፤ ይህ የአስተያየት ጉዳይ አይደለም።

በልምምድ ላይ ሠልጣኝ ራሱን ቢስት ምን ይደረግ?

በድሮ ድርሳናት ከእያንዳንዱ አደገኛ ነጥብ ጎን የማንቂያ ነጥብ ይጻፍ ነበር፤ ጀርባ መምታት፣ እግር መጎተት፣ አፍንጫ ሥር መጫን። በእነሱ ጊዜ አይጥፋ። ወዲያው ጠርተው ካልመለሰና በወጉ ካልተነፈሰ አምቡላንስ እያስጠሩ ደረቱን መሐል ላይ በሁለት እጅ ጠንከርና ፈጠን አድርገው መጫን ይጀምሩ፤ ልብን መልሶ የሚያስነሳ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በአቅራቢያ ካለ ያስመጡ፤ ደረቱን ተመትቶ ልቡ በቆመ ወጣት ላይ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ከተነፈሰ በጎኑ አስተኝተው ይጠብቁት። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን ወደ ልምምድ አይመለስም፤ ሌሊቱንም ብቻውን አይደር። ካስመለሰው፣ የራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ግራ ጎኑንና ግራ ትከሻውን ካመመው ሳይነጋ ሆስፒታል ይወሰድ።